መርዶዬን የነገረኝ ስልክ

ታይፎይድ ታክሜያለሁ። ታይፈስም ታክሜያለሁ። ጨጓራዬን ታክሜያለሁ፣ ደም አንሶሻል ተብዬ እንክብል ውጫለሁ፣ የማያስፈልገኝ መነጽርም ተሠርቶልኛል። አንዱም በሽታዬ አልነበረም። ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ሐኪሞችን ለማማት አይደለም፤ ከመካከላቸው እጅግ ደጎች የሆኑም ነበሩ። ልቧ የሚመታ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት፣ እህል የጠላች ልጅ ይዛችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ የምትዞሩ ካላችሁ፣ የእኔም እናትና አባት በዚያው መንገድ እንደዞሩ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ስሜ ሜላት ነው። ሲጀምረኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ለሰው ስታስረዳ «ስልክ ነው ልጄን ያበላሸብኝ» ትላለች። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለመናገር ግን ከአጎቴ ከሙሌ መጀመር አለብኝ።

ሙሌ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ካዛንቺስ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር ብዙ ቤተሰብ በሚገባበት ግቢ ውስጥ ከእኛው ጋር ነው የኖረው። ሥራው ቡልጋሪያ ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይሄዳል። መኪና ሥር ተንጋልሎ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋና «ሜሉ፣ ካቻቢቴ!» ይላል። በካቻቢቴ ፈንታ መፍቻ ካቀበልኩት «አንቺ ሐኪም የሆንሽ ቀን በሽተኛው አለቀለት» ብሎ እዚያው መኪናው ሥር ለብቻው ይስቃል። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቢሮ ይውላል፣ ራቱን በልቶ ዜና ይሰማል፣ ይተኛል። የልቤን ሁሉ የማወራው ለሙሌ ነበር።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ግቢው ተበተነ። አንዱ ከተማ ዳር ሄደ፣ ሌላው ዘመድ ጋ ተጠጋ። እኛ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየን፤ ሙሌ ጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ያዘ። እድሩ እንኳ ስልክ ውስጥ ገባ። ድሮ በጡሩምባ የሚለፈፈው ቀብር በግሩፕ መላክ ጀመረ። ሙሌ ስልክ የሰጠኝ ያን ሰሞን ነው። ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ባትሪውን ራሱ የቀየረው አሮጌ ስልክ።

«በቃ ይኸውልሽ ግቢያችን» አለኝ። «በሩ አሁን እዚህ ጋ ነው።»

እውነትም በሩ እዚያ ነበር። ከሥራ ሲወጣ የተቃጠለ ሽቦ ወይም የዛገ ባትሪ ፎቶ ያነሳና «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይልክልኛል። እኔ እገምታለሁ፤ እሱ በድምፅ ይመልስልኛል። መጻፍ አይወድም፣ ጣቱ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። ስሳሳት ይስቅብኛል፣ ሳገኘው ደግሞ የመኪና ክላክስ ነፍቶ ይልክልኛል። ስልክ መጥፎ ነገር ነው ለሚሉኝ ሰዎች ይህንን ነው የምነግራቸው። የእኔ ስልክ መጀመሪያ የመጣው በደስታ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። የምንፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን እዚያው እያደርን ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከመግባቴ በፊት በነበሩት ቀናት እናቴ ድምፅዋ ተዘጋ። ዓይኗም አብጦ ነበር። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለችኝ። ሙሌ የት እንደጠፋ ስጠይቃት ሞጆ አካባቢ የተበላሸ መኪና ሊሠራ እንደሄደ ነገረችኝና ወደ ማድ ቤት ገባች። ብደውልለት አያነሳም። ስለዚህ ጻፍኩለት። መልሱ በጽሑፍ መጣ።

«ሜሉ ኔትወርክ አስቸግሮኛል። በርቺ የእኔ ጎበዝ። ስትጨርሺ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ልገባ ስል አባቴ «ስልኩን ለእኔ ስጪኝ፣ ቤት ይቀመጥ» አለኝ።

«ሙሌ ሊወስደኝ መጥቶ ቢያጣኝስ?»

አባቴ የዘረጋውን እጁን መለሰ። ከግቢው ፊት ለፊት የተፈታኞችን ስልክ የሚያስቀምጡ ሱቆች አሉ። ከአንዱ አስቀምጬ ገባሁ።

ጨርሰን የወጣን ቀን ልጆቹ እየዘፈኑ፣ ደብተር እየወረወሩ በሩን ሞሉት። እኔ ስልኬን ከሱቁ ተቀብዬ ሙሌ የሚነዳውን አረንጓዴ መኪና ስፈልግ ነበር። አጣሁት። ልደውልለት ስልኩን ስከፍት መልእክት ተደራርቦ መጣ። ከላይ ያለው፣ የድሮ ጎረቤታችን ልጅ የላከችው ቪዲዮ ነው። የሙሌ ፎቶ፣ ከጎኑ የሚነድ ሻማ፣ ከሥሩ «ነፍስህን በገነት ያኑራት»። ዝቅ ስል የካዛንቺስ ግቢያችን ሰው ስም በስም ተደርድሯል። ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም አልቅሷል።

እኛ ዘንድ ሰው መርዶ የሚረዳው እንደዚህ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከእንቅልፉ ገና ሳይነቃ፣ የሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ከኋላ ይደግፋል፣ አንዷ ውሃ ይዛ ትቆማለች። ሰው ሲወድቅ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው። እኔ የወደቅኩት የትም አይደለም። ልጆቹ ዙሪያዬን እየጨፈሩ እንደቆምኩ ቀረሁ። ካርድ የሚሸጥ አንድ ሰው «እህት፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። እስከዛሬ ያ መልሴ ይገርመኛል።

አባቴ መንገድ ተዘግቶበት ዘግይቶ ደረሰ። ከታክሲው ወርዶ ፊቴን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየ፣ «አይተሽዋል» አለ። ቦርሳዬን ተቀብሎ ወደ ጎተራ ይዞኝ ሄደ።

ለካ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሊያረዱኝ ሰው ተነግሮ፣ ወንበር ተለምኖ። እነሱም እንደ ቀጠሯቸው በማለዳ መጡ። ከፊት የነበሩት የካዛንቺስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። በሰፈሩ መርዶ ሲኖር ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚናገሩት። እኔ ለብሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር። የሚነግሩኝ ነገር አጡ። አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እኔ ግን እንባ ጠብ አላለልኝም።

«መቼ ነው የሞተው?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።

«ፈተና ላይ እያለሽ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ሞጆ መንገድ ዳር፣ የቆመ መኪና ሥር ሆኖ ሲሠራ ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ገጭቶት ነው።

እንግዲህ ሕመሜ ከዚህ ይጀምራል። ሙሌ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎኛል። እኔ ስወጣ ሊደርስልኝ ቸኩሏል። ሥራውን ቶሎ ልጨርስ ብሎ፣ ሳይጠነቀቅ፣ መንገድ ዳር መኪና ሥር ገብቷል። ስልኬ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ «አትቸኩል፣ በታክሲ እመጣለሁ» እለው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ ከእጄ አልተለየም። ስበላ ከሳህኑ አጠገብ ነው፣ ስታጠብ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው እገባለሁ። አባቴ ከሥራ ትንሽ ሲዘገይ መስመር ላይ መሆኑን አያለሁ፤ እናቴ ገበያ ሄዳ ካላነሳች ደጋግሜ እደውላለሁ። የሆነ ሰው እየሞተ ነው፣ እኔ ደግሞ ስልኩን ስላላየሁ አልሰማሁም፤ ሐሳቤ ሁሉ ይኸው ሆነ።

አንድ ቀን የመኪና አደጋ ቪዲዮ አየሁ። ሙሌ የሞተበትን የሚመስል መንገድ ስለነበር ደግሜ አየሁት። ስልክ ደግሞ የወደድሽውንና የፈራሽውን አይለይም፤ ቆም ብለሽ ካየሽው ሌላ ያመጣልሻል። ሌላ አደጋ አመጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሻማና የሟች ፎቶ፣ የማላውቃቸው እናቶች ደረት ሲመቱ። ጓደኞቼ የሚያሳዩኝ ስልክ ላይ ዳንስና ቀልድ ነበር። እኔ የምከፍተው ስልክ ቀኑን ሙሉ ልቅሶ ቤት ነው። መዝጋት አልችልም። ብዘጋው የሚቀጥለው የእኔ ሰው ቢሆንስ?

ስለ ሌሊቱ ብዙ አላወራም፤ ስለማልተኛ ከቀኑ ብዙ አይለይም። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ልቤ አብሮ ይዘላል። ኋላ ኋላ ሳይንቀጠቀጥም የሚንቀጠቀጥ እየመሰለኝ ጭኔን እዳብሳለሁ። ልብሴ ሰፋኝ። ፀጉሬ ማበጠሪያ ላይ ይቀራል።

እናቴ ወሎ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ ልተዋወቀው እፈልጋለሁ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ አሉኝ፣ በርበሬ ተከለከልኩ። እናቴ ለእኔ ብላ የቤቱን ሁሉ ወጥ አልጫ አደረገችው፤ አባቴም አብሮኝ አልጫውን በላ። ራስ ምታቴን ደግሞ ዓይን ነው ብለው መነጽር አዘዙ። ወጪውን ማንም ፊቴ ላይ አላወራም፤ የእናቴ የአንገት ሐብል ግን ከአንገቷ ጠፋ፣ እኔም የት ሄደ አላልኩም።

የየክሊኒኩ ሰው ሁሉ ስልኩን እጄ ላይ ያየዋል። «ይሄንን ስልክ ቀንሺ» ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቀማችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። መጀመሪያ ለመንኳት፣ ከዚያ ጮኽኩ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝና እጄ ደርቆ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። የምሞት መስሎኝ ነበር። እናቴ እየጮኸች ቁልፉን አወጣች። «እንኪ! እንኪ ውሰጂው ልጄ፣ ስልኩም ይብላሽ፣ ብቻ ተነሺ!» ስልኩን ስይዝ ትንፋሼ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው የላይኛው ፎቅ ጎረቤት «ይሄማ ሌላ ነገር ነው» ያለችው።

ጠበል ተወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር ጠበሉ ጥሩ ነበር። ቀዝቃዛው ውሃ ላይ ስጮኽ የሚገርመው ሰው አልነበረም፣ ለካ መጮህ ፈልጌ ነበር። የሚያጠምቁት አባት በመጨረሻ እናቴን ወደ ጎን ጠርተው «ጠበሏን ትጠጣ፤ ሐኪምም ዘንድ ውሰዷት። የአእምሮ ሐኪም። ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» አሏት። እናቴ ከሐኪም ብትሰማው የምትቆጣውን ቃል ከእሳቸው ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

የአእምሮ ሕክምናው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። ሌላ ሆስፒታል ሲሆን ሰው ገና ሳይቀመጥ «አንቺን ምንሽን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ ተከናንባ ነበር። አባቴ ከቢሮ አስፈቅዶ መጥቷል፤ ጋዜጣ ገልብጦ የያዘ ይመስለኛል። ድንገት ቀና ስንል ከፊት ለፊታችን፣ እሳቸውም እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ እትዬ ዘነበች!

«ውይ፣ እትዬ! ምነው በደህና?» አለች እናቴ።

«ሰው ልጠይቅ ነው፣ እናንተስ?»

«እኛም ሰው ልንጠይቅ።»

ወዲያው ነርሷ በሩን ከፍታ «ዘነበች!» ብላ ተጣራች። እትዬ ዘነበች ተነሡ፣ ነጠላቸውን አወረዱ፣ እናቴን አዩአትና ሳቅ አመለጣቸው። እናቴም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። «ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም፣ በቃ ለምን እዋሻለሁ» አሉ እትዬ። ሊገቡ ሲሉ ጉንጬን ያዝ አድርገው «የእኔ ልጅ፣ ያን ቀን እኮ ልንነግርሽ ተዘጋጅተን ነበር። ስልኩ ቀደመን» አሉኝ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይቅርታ የጠየቁኝ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ወረቀቷ የማትቸኩል ሴት ናት። ሦስታችንም እንድንገባ ፈቀደች። ሌሎቹ ሁሉ ስልኩን በቀን ስንት ሰዓት እንደምይዝ ነበር የሚጠይቁኝ። እሷ ሌላ ጠየቀችኝ።

«ስልክሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታዪው ምንድን ነው?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከፈትኩና አነበብኩላት። «ሜሉ ኔትወርክ አስቸግሮኛል። በርቺ የእኔ ጎበዝ። ስትጨርሺ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ይሄ የማን ነው?»

«የአጎቴ። የመጨረሻ ቃሉ ነው። እኔን ሊወስድ ሲቸኩል ነው የሞተው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። «ስልኬ እጄ ላይ ቢኖር አትምጣ እለው ነበር።»

አባቴ ተነሣ። የሚወጣ መስሎኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። የሙሌ ስልክ እኔ ኪስ ነበር።» ዞረ፤ ሁለቱን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። «ስትጽፊለት ዝም ብል ትጠረጥራለች፣ ፈተናዋ ይበላሻል አልኩ። የዚያን ቀን ቀብረነው መመለሳችን ነው። ልጄ፣ ሙሌ አልቸኮለም። አንቺ ፈተና ስትገቢ ሙሌ አፈር ውስጥ ነበር።»

እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። «አንተ!» ብላ ቀረች። እኔ የእናቴ ድምፅ ትዝ አለኝ። ጉንፋን አልነበረም። ስትጮኽ ውላ፣ ወንድሟን ቀብራ መጥታ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅ ነው «በርቺ ልጄ» ያለችኝ። አርባው ቶሎ መድረሱን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር። ደግሞ ሙሌ መጻፍ እንደማይወድ እያወቅሁ፣ ለምን ነው የጻፈው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ደስ ይለኛል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በእኔ ምክንያት አልሞተም፤ ሸክሜ ወረደ። ግን በዚያው ቅጽበት ያቺ ስንት መቶ ጊዜ ያነበብኳት፣ ደረቴ ላይ አድርጌ የተኛኋት የመጨረሻ ቃሉም ጠፋችብኝ። ሙሌ የመጨረሻ ቃል የለውም። ሙሌ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ፤ የክረምቱን ሁሉ እንባ። ሐኪሟ አላቋረጠችኝም፤ ለነርሷ «የሚቀጥለው ትንሽ ይታገስ» ብላ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ውጭ የተቀመጡት ሰዎች ስለ እኔ ታገሡ። ስማቸውን አላውቅም፤ ዛሬም እጸልይላቸዋለሁ።

ሕመምሽ ከባድ ጭንቀት ነው፣ ያልወጣ ሐዘን ደግሞ አብሮት አለ አለችኝ። «አንቺ ዘብ ቆመሽ ነው የከረምሽው። ዘብ አይተኛም። አሁን ተራውን ለሌላ ሰው መስጠት አለብሽ።» ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ስልኩን በአንድ ጊዜ አልቀማችኝም። መጀመሪያ ራት ላይ፣ ቀጥሎ ከራት በኋላ፣ ኋላም ሌሊቱን በሙሉ ከክፍሌ እንዲወጣ አደረገች፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ስልክ ሳሎን እንዲያድር። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «ዘቡን ማን ይረከባት?» አለችው።

አባቴ መለሰ። «ከእንግዲህ ምንም ቢመጣ፣ ከስልክ በፊት ከእኔ አፍ ትሰማለች።»

ይህን ቃል የሰጠኝን አባቴን ለብዙ ሳምንት አላናገርኩትም። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን በየማታው ስልኩን ሳሎን ያስቀምጥና በሬን አንኳክቶ፣ ባልመልስለትም፣ «ሜላት፣ ሁሉም ደህና ነው። ተኚ» ብሎ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን የምሬን ስልኩን ለማምጣት እስከ ሳሎን እሄድና አባቴን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። «ሁሉም ደህና ነው» ይለኛል እንደገና። እመለሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሳይነግረኝ ቡልጋሪያ ወሰደኝ፣ ጋራዡ። የሙሌ ባልደረቦች ሥራቸውን አቆሙ፣ ሬዲዮውን ዘጉት፣ እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው ጎማና ባትሪ ላይ ተቀመጡ። ልቅሶ ነው። ሳይነግሩኝ ያለፈኝን ልቅሶ እንደገና ተቀመጡልኝ። አንዱ ሙሌ ስለ እኔ ያወራ የነበረውን ነገረኝ። «የእኔ ሜሉ ካቻቢቴ ከመፍቻ አትለይም፣ ግን መኪና ድምፁን ሰምታ ትነግርሃለች ይል ነበር።» አባቴ ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጁን ያዝኩት።

ድኛለሁ ወይ? ልቤ አሁንም አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ይመታል። ፈተናውን አላለፍኩም፤ ዘንድሮ በግል እየተዘጋጀሁ ነው። የአደጋ ቪዲዮ ሲመጣብኝ ሳላይ አልፋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም። ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት ልጃችሁ ስልኩ ውስጥ ማንን እየጠበቀች እንደሆነ ጠይቋት። የቀረውን ሐኪም ይንገራችሁ።

አሁን የማልረሳውን አንድ ጠዋት ላውራ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ቡታጅራ ታማ ሰነበተች። ልጇን ሙሌን ከቀበረች ወዲህ መነሣት ትታ ነበር። እናቴ ሳሎን ይደር የተባለውን ስልኳን ትራሷ ሥር ይዛ መተኛት ጀመረች። አይቻታለሁ፤ ፍርሃቱን ስለማውቀው አልከለከልኳትም።

ገና ሳይነጋ አባቴ በሬን አንኳኳ። ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መብራት አላበራም።

«ሜላት፣ ተነሺ ልጄ። አያትሽ አርፋለች። ማታ ነው የደወሉልኝ።» ትንፋሽ ወሰደ። «እናትሽን ሊያረዱ እነ እትዬ ዘነበች እየመጡ ነው። ቃል ገብቼልሻለሁና አንቺ ቀድመሽ ስሚ ብዬ ነው።»

አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ። አቀፈኝ። ከዚያ ድንገት እኩል አሰብነው፤ ፊቱን አየሁት፣ ፊቴን አየው።

«ስልኳ» አልኩ።

በባዶ እግሬ ወደ መኝታ ቤታቸው ሮጥኩ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ትራሱ ሥር ብርሃን ብልጭ፣ ድርግም ይላል። እጄን ቀስ ብዬ አስገብቼ ስልኩን ሳብኩት፤ ስክሪኑን ሳላይ ሆዴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ስልኩ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ነው። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ፣ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ነቃች።

«ማነው በዚህ ሰዓት?» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች።

አጠገቧ ተቀምጬ ከኋላዋ ደገፍኳት።

«ሰው ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ሰው መጥቷል።»